ኮድ ያልሰጠችው ያሪስ፦ ደንገጎ ዳገት ላይ የጠፋ ጉልበት

መኪናዋ ድሬዳዋ ውስጥ ምንም አትልም። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ለገሐሬ፣ ሜዳ ለሜዳ ደህና ትሄዳለች። ጉዱ የሚመጣው ከተማውን ለቅቃ የደንገጎን ዳገት ስትይዝ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ትገባለች፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ሰው የሞላ ሚኒባስ ጡሩንባ እየነፋ ያልፋታል።

ባለቤቷ ሀረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መምህር ነው። ቤቱ ድሬ፣ ሥራው ደጋ። በሳምንት ሦስት ቀን ያንን ዳገት ይወጣል፣ ማታ ይወርዳል። መኪናዋ ከዱባይ የመጣች ቶዮታ ያሪስ፣ ሞተሯ ዋን ኤን ዜድ፣ 1.5 ሊትር፣ ማርሿ በእጅ። ይህን ሞተር የማያውቅ ሜካኒክ ድሬ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እኔ የመኪና ኤሌትሪሻን ነኝ፤ ስንቱን ከፍቼ እንደገጠምኩ አልቆጥረውም። ለዚህም ነው ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው። የምናውቀው ሞተር ላይ፣ የማናየው ቦታ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ቁራጭ አምስት ወር ሙሉ አንድን ሰው አስለቅሳለች፣ ገንዘቡንም አስበልታዋለች።

"አቦ፣ ሸጬ ልገላገላት?" አለኝ ገና ከመውረዱ።

"አብሽር። ከመሸጥህ በፊት አንድ ቀን ስጠኝ" አልኩት። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ መምህርም ቢሆን፣ በዕድሜ ቢበልጠኝም፣ አንተ ነው የምንባባለው።

ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ሦስት ጋራዥ ዞሯል። አንደኛው አራቱንም ካንዴላ ቀየረ። ትንሽ የተሻለ መሰለው፣ በሳምንቱ እዚያው ተመለሰ። ሁለተኛው የቤንዚን ፓምፕና ፊልትሮ ቀየረ፣ ኢንጀክተሮቹንም አጠበ። ሦስተኛው የመኪናዋን ኮምፒውተር በማሽን አስነበበና "የብልሽት ኮድ የላትም፣ መኪናህ ጤነኛ ናት፣ ዳገት ሁሉንም መኪና ያደክማል፣ ላይ አየሩ ቀጭን ነው" ብሎ ሸኘው። ቼክ ኢንጅን መብራቱ በርቶም አያውቅ። አምፖሉ ተነቅሎ እንዳይሆን ብዬ ቁልፉን ከፍቼ አየሁት፤ ይበራል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። እንደ ሕጉ ነው።

የአየሩ ነገር እውነት አለበት፤ እውነቱ ግን የዚህችን መኪና ያህል አይደለም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ልዩነት የአየሩ ግፊት አንድ አስረኛ ያህል ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 ከመቶ አካባቢ ጉልበት ያጣል፤ ላይ ሲደረስ ስለሚቀዘቅዝ ደግሞ ትንሽ ይካካሳል። አንድ አስረኛ ያጣ ሞተር ሦስተኛ ማርሽ የነበረውን አልፎ አልፎ ሁለተኛ ያስደርግህ ይሆናል። በሁለተኛ ማርሽ እያስጮኸ አይገትርህም። ደግሞም ዳገቱ እግር ስር፣ ገና ከድሬ ሳይርቅ፣ አየሩ የድሬ አየር ሆኖ ሳለ ነው ድካሙ የሚጀምራት። ስለዚህ ከፍታውን ተውኩት።

ስለ እሳት ሳላወራ ወደ ፍተሻው መሄድ አልችልም። ካንዴላ እሳት የሚሰጠው ፒስተኑ ጫፍ ከደረሰ በኋላ አይደለም፣ ከመድረሱ በፊት ነው። ቤንዚንና አየሩ በአንዴ አይነድም፤ እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ እስኪዳረስ ጊዜ ይፈልጋል። ትልቁ ግፊት ፒስተኑ ጫፉን አልፎ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሲዞር ቢመጣ ነው ጉልበት የሚገኘው። ስለዚህ እሳቱ መቅደም አለበት፣ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ የበለጠ መቅደም አለበት። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ክራንክሻፍቱ በአንድ ሰከንድ 18,000 ዲግሪ ይዞራል። አንድ ዲግሪ ማለት የሰከንድ አሥራ ስምንት ሺህኛ ናት። ኮምፒውተሩ የሚጫወተው በዚህች ጊዜ ነው።

በጣም ካስቀደምከው ሌላ መዘዝ አለ። ያልነደደው የመጨረሻው ጋዝ ከአንድ በኩል በፒስተኑ ይጨመቃል፣ ከሌላ በኩል በሚመጣው እሳት ይጨመቃል፤ ከዚያ እሳቱ ሳይደርስበት በራሱ ጊዜ ቧ ብሎ ይነሳል። ይህ ነው ማንኳኳት የምንለው፣ ኖክ። ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደመናጥ ይሰማል። ሲበዛ ፒስተን ይበሳል፣ ቀለበት ይሰብራል። ብታዘገየው ደግሞ ማንኳኳቱ ይጠፋል፣ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢዘገይ ሹፌሩ ላያውቀው ይችላል፤ አሥር ሲሞላ ግን መኪናው ይሞታል። ፒስተኑን መግፋት የነበረበት ሙቀት በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ቤንዚኑም ያለ ሥራ ይቃጠላል።

ሐረር ላይ ታክሲ ሆነው የኖሩትን ፔጆ 404ዎች የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እነሱ ላይ ይህን የሚያስተካክለው ሰው ነበር። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ በፍጥነት የሚከፈቱ ትናንሽ ክብደቶችና በአየር ስቦሽ የሚሠራ ሳህን አለ፤ መነሻውን ግን ሜካኒኩ ዲስትሪቢዩተሩን በእጁ አዙሮ፣ ዳገት ላይ ነድቶ፣ በጆሮው ሰምቶ ነው የሚያስይዘው። እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ ደንገጎ ላይ ኮፈን ከፍቶ በሩብ ጣት ያህል ሲያዞራት አይቻለሁ። ካስያዛት በኋላ ግን ያው ናት፤ ቤንዚን ቢቀየር፣ ሙቀት ቢጨምር፣ ሜዳ ቢሆን ዳገት እሷ አትለወጥም። ስለዚህ ለክፉ ቀን ብሎ ትንሽ ያዘገያታል፤ መልካሙን ቀንም በዚያው ይከስራል።

ኖክ ሴንሰር ይህን ቀየረው። ፋብሪካ መኪና ላይ ቀድመው ከገጠሙት አንዱ የ1978 ቱርቦ ቢዩክ ነው። ነገሩ ሞተር ብሎኩ ላይ ታስሮ ንዝረት የሚያዳምጥ፣ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክሪስታል የያዘ ክብ ቁራጭ ነው። ማንኳኳት የራሱ ድምፅ አለው። እንደዚህች ያሪስ 75 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር ውስጥ ከ7 እስከ 8 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ይጮሃል። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ አይሰማውም፤ እሳት ከተሰጠ በኋላ ማንኳኳት ሊመጣ በሚችልባት አጭር መስኮት ብቻ ጆሮውን ይከፍታል። የሰማውንም ሞተሩ በዚያ ፍጥነት ከሚያሰማው የተለመደ ድምፅ ጋር ያወዳድራል። ከዚያ ከበለጠ "አንኳኳ" ይላል፣ እሳቱን ወዲያው በጥቂት ዲግሪ ያዘገያል፣ ከዚያ ቀስ እያለ፣ በጣም ቀስ እያለ፣ ወደ ፊት ይመልሳል። እንደገና ከሰማ እንደገና ይጎትታል። የተማረውንም ይይዛል። በዚህ መንገድ ሞተሩ ሁልጊዜ ማንኳኳት ሊጀምር አፋፍ ላይ ሆኖ ይሠራል፣ ጉልበቱም እዚያ ነው ያለው። እኔ ይህን ሥርዓት እወደዋለሁ። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚያምነው ያንን አንድ ጆሮ ነው። ጆሮው የሰማውን ሁሉ እውነት ብሎ ይቀበላል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቤንዚኑን ነበር። ማደያ ሰልፍ በሆነባቸው ሳምንታት መምህሩ ከመንገድ ዳር የሃይላንድ ቤንዚን ቀድቷል። በፕላስቲክ የሚሸጥ ቤንዚን ላምባ ሊቀየጥበት ይችላል፣ ላምባ ደግሞ ኦክቴኑን፣ ማለትም ማንኳኳትን የመቋቋም አቅሙን፣ ክፉኛ ያወርደዋል። ሞተሩ ያንኳኳል፣ ኮምፒውተሩ ያዘገያል፣ ጉልበት ይጠፋል። ታሪኩ ልክ መጣልኝ። ታንኩን አስገለበጥኩ፣ ከማደያ አስሞላሁ፣ ባትሪውን ነቅዬ የተማረውን አስረሳሁትና "ሳምንት ንዳትና ተመለስ" አልኩት። ሳምንት ነዳትና ተመለሰ። ያው ናት።

ከዚያ በኋላ ነው ግምት ትቼ መለካት የጀመርኩት።

ጎረቤቴ አንድ ዓይነት ያሪስ አለው። ሞተሩ አንድ ነው፣ ማርሹ አንድ ነው፣ ጥቂት ዓመት ነው የሚለያያቸው። የእሱ ደንገጎን እየዘፈነች ነው የምትወጣው። ለምኜ ወሰድኳት። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኘውን ትንሿን የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር ቁጥሮች የምታሳይ) ይዤ፣ አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ አስይዤ፣ ግንቦት ውስጥ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱንም መኪና ተራ በተራ በአንድ ዳገት ወጣናቸው። ቤንዚኑ ከአንድ ማደያ፣ ሰው ሁለት ሁለት። የምናየው አራት ቁጥር ነው፦ የሞተር ዙር፣ ጭነት፣ የሚገባው አየር ሙቀት፣ እሳቱ ስንት ዲግሪ እንደቀደመ።

ልጁ የጻፈበት ገጽ አሁንም አለኝ፤ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ስለተጻፈ ፊደሉ ይወላገዳል። ሁለተኛ ማርሽ፣ 3,500 ዙር፣ ነዳጅ መስጫው ግማሽ ድረስ፦ የጎረቤቴ 24 ዲግሪ፣ የመምህሩ 12። ከጉልበቱ የጠፋው እዚህ ጋ ነው፣ ግልጽ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ሄደን፣ መንገዱ ትንሽ ሲለሰልስ፣ አራተኛ ማርሽ፣ 1,800 ዙር፣ እግር እስከ ወለል፦ የጎረቤቴ 10፣ የመምህሩ 9።

ይህን ሁለተኛውን መስመር ሳየው መኪናዋን ዳር አስያዝኳት። ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች ድሬ በጉም አቧራ ውስጥ ትታያለች፣ ከላይ የአወዳይ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ቁልቁል ይከንፋሉ። ልጁ "ምን ሆነ?" ይለኛል።

የሆነው ይኸውላችሁ። እውነተኛ ማንኳኳት የሚወደው ዝቅተኛ ዙርና ከባድ ጭነት ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የመጨረሻው ጋዝ ታምቆና ጋሎ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፣ በራሱ ለመነሳት ዕድል ያገኛል። አራተኛ ማርሽ፣ 1,800 ዙር፣ እግር እስከ ወለል ማለት ሞተርን አንኳኳ ብሎ መለመን ነው። እዚያ ላይ ይህቺ መኪና ከጤነኛዋ አትለይም! በ3,500 ዙር በግማሽ እግር ግን፣ ማንኳኳት ብዙም በማይመጣበት ቦታ፣ 12 ዲግሪ ታጣለች። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በሽታው ጭነትን አይከተልም፣ ዙርን ነው የሚከተለው። ዙርን የሚከተል ነገር ቃጠሎ አይደለም፣ የሚንቀጠቀጥ ብረት ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ የማንኳኳት አደጋውም ይቀንሳል። ጤነኛዋ መኪና ደንገጎ ስትቃረብ እሳቷን አንድ ሁለት ዲግሪ ወደፊት ጨምራለች። የመምህሩ ንቅንቅ አላለችም። ኮምፒውተሩ የሚሰማው ድምፅ የደጋና የቆላ ልዩነት የለውም ማለት ነው።

ከታች ስንመለስ መጀመሪያ የላላ ነገር ፈለግሁ። የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ፣ የቺንጊያ ማወጠሪያ፣ የሞተር መያዣ ጎማ፣ የስር መሸፈኛ። ማንኛቸውም ብሎኩን እየመቱ ሴንሰሩን ሊያሳስቱት ይችላሉ። ሁሉም ጠብቀዋል። ቀጥሎ የቀረው ሴንሰሩ ራሱ ነው። እሱ ደግሞ በዚህ ሞተር ላይ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ፣ በኢንቴክ ማኒፎልዱ ስር ተደብቋል። ለማየት ማኒፎልዱን ማውረድ ይጠይቃል። ሦስቱ ጋራዦች ያልደረሱበትም ለዚህ ይመስለኛል፤ ኮድ ካልመጣ ማን ማኒፎልድ ያወርዳል?

አወረድነው። መብራት አስገብቼ ሳይ ሴንሰሩ ትንሽ ዘመም ብሎ ተቀምጧል። ፈታሁት። በሴንሰሩና በብሎኩ መሀል የስፕሪንግ ሮንዴላ አለ። ፋብሪካው እዚያ ቦታ ሮንዴላ አላደረገም። ዙሪያውን ግራጫ ሲሊኮን ተለቅልቋል፣ ከሮንዴላው ስር ደግሞ ሲሊኮኑ ደርቆ እንደ ማስቲካ ሆኗል። ሮንዴላው ላይ የሚያብረቀርቅ የተፋፋቀ መስመር ይታያል። ብረት ብረትን ሲመታው የኖረበት ምልክት ነው።

መምህሩን ጠራሁት። "ይህ ሞተር ተከፍቶ ያውቃል?" አልኩት። አሰብ አደረገ። አምስት ወር ገደማ ሆኖታል፣ ውሃ ጨርሳ ግላበት ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ጋስኬት ተቀይሯል፤ ከድሬ ውጪ፣ መንገድ ላይ ባገኘው ጋራዥ። ከዚያ በፊት ጉልበቷ ደህና ነበር? ደህና ነበር። ታዲያ ይህን ለምን ለሦስቱም አልነገራቸውም? አልጠየቁትማ! እኔም በመጀመሪያው ቀን አልጠየቅኩትም፣ ወደ ቤንዚኑ ሮጥኩ። አሁን ማንኛውም መኪና ሲመጣ መጀመሪያ "መቼ ተከፈተች፣ ምኗ ተከፈተ" እላለሁ።

ሮንዴላውን ያስገባው ሰው ክፋት አስቦ አይመስለኝም። ብሎን እንዳይላላ ስፕሪንግ ሮንዴላ ማድረግ ሁላችንም የተማርነው ነው። እዚህ ቦታ ግን አይሠራም። ይህ ሴንሰር የብሎኩን ንዝረት የሚያገኘው ብረት ለብረት፣ ፊት ለፊት፣ ሙሉ በሙሉ ሲገጥም ብቻ ነው። ስፕሪንግ ጣልቃ ሲገባ ሁለት ነገር በአንዴ ይበላሻል። ዙሩ ሲጨምር ሴንሰሩ መቀመጫው ላይ ይርገፈገፋል፣ መርገፍገፉን ኮምፒውተሩ ማንኳኳት ነው ብሎ ይወስደዋል። ዙሩ ዝቅ ሲል ደግሞ ስፕሪንጉና ሲሊኮኑ እውነተኛውን ድምፅ ያፍኑታል። በላይ ይዋሻል፣ በታች ደንቁሯል። የመጨረሻዋን ነገር በዚያን ቀን ልብ አላልኳትም፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ታዲያ ኮድ ለምን አልመጣም? ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ላስረዳ። ሴንሰሩ ውስጥ ከክሪስታሉ ጋር አንድ ሬዚስተር አለ። ኮምፒውተሩ በእሷ በኩል ሽቦው መበጠስና አለመበጠሱን ያያል። ቢበጠስ ወይም ሾርት ቢሆን ኮድ ይመዘግባል፣ መብራት ያበራል፣ ለጥንቃቄም እሳቱን እስከ መጨረሻው ያዘገየዋል። እኔ ስለካው ወደ 200 ኪሎ ኦም አነበበ፤ የቶዮታ መጽሐፍ ከ120 እስከ 280 ይፈቅዳል። ስለዚህ በኤሌክትሪክ በኩል ሴንሰሩ ፍጹም ጤነኛ ነው። ኮምፒውተሩ ሽቦውን ይመረምራል እንጂ ሴንሰሩ በምን ላይ እንደተቀመጠ የሚያይበት ዓይን የለውም። ኮድ የለም ማለት በሽታ የለም ማለት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ሊያውቃቸው ከሚችላቸው በሽታዎች አንዱም የለም ማለት ነው። "ኮድ የላትም" ተብሎ ሰው ሲሸኝ ባየሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ያ ሰው ደሞዙን ከፍሎ ነው የመጣው።

ሴንሰሩን አልቀየርኩትም። መቀመጫውን በቤንዚን አጠብኩ፣ ሲሊኮኑን በእንጨት ፋቅኩ፤ በብረት ከፋቅከው ትጭረዋለህ። ሮንዴላውን አስወገድኩ። ሴንሰሩን በቀጥታ ብሎኩ ላይ አስቀምጬ በቶርክ መፍቻ 20 ኒውተን ሜትር አጠበቅኩት። ይህ ማለት 20 ሳንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ እንደማንጠልጠል ነው፣ ያን ያህል ጉልበት አይደለም። እጃችን ከለመደው ከሌላው ብሎን ጋር ሲነጻጸር የላላ ይመስላል። አይደለም። ከልክ በላይ ብታጠብቀውም ንባቡ ይዛባል፣ ክሪስታሉም ሊሰነጠቅ ይችላል። ቶርክ መፍቻ የሌለው ጓደኛ ካላችሁ አውሱት።

ባትሪውን ነቅለን የተማረውን አጠፋን፣ አስነሳን፣ ስራ ፈት ላይ እስክትረጋ ጠበቅን። በማግስቱ ጠዋት መምህሩን ራሱን አስነድተን ወጣን። በዚያው ቦታ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ 3,500 ዙር፣ ግማሽ እግር፦ 23 ዲግሪ። ግን ቁጥሩን ማን አየው! ሰውየው ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ አስገባና መኪናዋ ቀጠለች። ፊቱን ማየት ነበረባችሁ። ምንም አልተናገረም፣ ደንገጎ መገንጠያው ድረስ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ዝም ብሎ ነዳ። ወደ ቁልቢና ወደ ሐረር መንገዱ በሚለያይበት ቦታ አቁሞ "አልሐምዱሊላህ" አለ። እኔም ተዘግቷል ብዬ ነበር።

አልተዘጋም። በሦስተኛው ቀን ደወለ። ጠዋት ድንቅ ናት፤ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ከድሬ ሲነሳ ግን አንዳንዴ ትንሽ ትይዘዋለች፣ እንደ በፊቱ ባይሆንም። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ፦ "ያ ከዳሽቦርዱ የሚመጣው የጠጠር ድምፅ ግን ቀንሷል።"

"የምን ጠጠር ድምፅ?"

ለካ በመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል። ቀን ላይ፣ ከባድ ማርሽ ሲሆን፣ ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚናጥ ያለ ድምፅ ይሰማው ነበር፣ የላላ ፕላስቲክ መስሎት። እኔም ፕላስቲክ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም ይቆጨኛል። ሰውየው እውነተኛውን ማንኳኳት በጆሮው ሰምቶ፣ በአፉ ነግሮኝ፣ እኔ ማሽን አፈጠጥኩ።

8 ሰዓት ላይ፣ ውጪው 37 ዲግሪ ሆኖ፣ ወጣን። አራተኛ ማርሽ፣ 1,800 ዙር፣ እግር እስከ ወለል። ጠጠሩ ለአንድ ሰከንድ ተሰማ፣ ወዲያው ጠፋ። ስልኩ ላይ እሳቱ ከ10 ወደ 5 ወረደ፣ ከዚያ በግማሽ ዲግሪ በግማሽ ዲግሪ መመለስ ጀመረ። አሁን ሴንሰሩ ሥራውን እየሠራ ነው። ድሮ በዚህ ቦታ ደንቆሮ ስለነበር ሞተሩ ሲያንኳኳ ማንም አላዳነውም፤ ጠዋት የለካነው 9 ዲግሪም ጤነኛ የመሰለው አንድም በብርድ ስለወጣን፣ አንድም ሴንሰሩ ስለማይሰማ ነው። መኪናዋ ላይ ሁለት በሽታ ነበረባት፣ የውሸቱ እውነተኛውን ሸፍኖት ነበር።

ሦስተኛዋን ቁጥር፣ የሚገባውን አየር ሙቀት፣ አየሁ። 63 ዲግሪ። ውጪው 37፣ የሚገባው 63! የጎረቤቴን መኪና በዚያው ሰዓት ስንለካት 44 ነበረች። ኮፈኑን ከፈትኩ። ከፊልትሮው ሳጥን ተነስቶ ወደ ፊት፣ ከራዲያተሩ በላይ ወጥቶ ቀዝቃዛ አየር የሚያመጣው የፕላስቲክ ቱቦ የለም። ፓራውልቱ ከዓመታት በፊት ተመትቶ ሲጠገን ተሰብሮ ቀርቷል። መኪናዋ የምትተነፍሰው ከራዲያተሩ ጀርባ የሚወጣውን ትኩስ አየር ነው።

ይህ ለድሬ መኪና ቀላል ነገር አይደለም። የዚህ ሞተር መጭመቂያ 10.5 ለ1 ነው። አየር እንዲህ ሲጨመቅ የሙቀት ልዩነቱም አብሮ ይበዛል፤ ሲገባ የነበረው 20 ዲግሪ ልዩነት ጨመቃው ሲያልቅ ከ40 በላይ ይሆናል። የመጨረሻው ጋዝ በራሱ ለመነሳት አፋፍ ላይ ሲሆን 40 ዲግሪ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ብትሆን ምናልባት ማንም አያውቀውም ነበር።

ቱቦውን ከተፈታች ያሪስ ላይ አገኘነው። ሁለት ማያዣ፣ አሥር ደቂቃ ሥራ። በነጋታው በዚያው 8 ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ የሚገባው አየር 45 ዲግሪ አነበበ፣ እሳቱ 9 ላይ ቆመ። ጠጠሩ አልተሰማም። ልጁ መስኮት ከፍቶ፣ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ ሰጥቶ፣ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ከዚያ ሁለት ወር ሆኗል። በየሁለት ሳምንቱ ሲያልፍ አቁሞ ስልኩን እንሰካለን። በጣም በሚሞቅ ቀን አሁንም አንድ ሁለት ዲግሪ ትለቃለች፣ ከዚያ ትመልሳለች። ይህን አልነካሁትም። ሥራዋ ነው።